ውኃው የማን ነው? ከህንድ የካስት ታሪክ ለማኅበራችን የሚሆን ትምህርት



በዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። ከሰባቱ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ቦታዎች ሁለቱ ከሸክላና ከቆዳ ሥራ ቤተሰብ ለመጡ አባሎቻችን ተለይተው ይያዙ የሚል ነው። ሐሳቡ ገና ለጉባኤ ሳይቀርብ ክርክር አስነሥቷል። «ደንባችን ሁሉም አባል እኩል ነው ይላል፤ እኩል ከሆንን ልዩ ቦታ ለምን አስፈለገ?» የሚሉ እህቶች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

ነገሩ የተነሣው ግን ከደንቡ ሳይሆን ከቡና ሲኒ ነው። በወርኃዊ ስብሰባችን ሸክላ ሠሪ እህቶቻችን የጠጡበት ሲኒ ለብቻው ሲቀመጥ፣ ለብቻውም ሲታጠብ ኖሯል። ሁላችንም እያየን እንዳላየን አልፈናል። ባለፈው ዓመት ከእነርሱ አንዲቱ ቁጠባዋን ልታስገባ መጥታ ሳለ፣ «ብሬን ተቀብላችሁ ትቆጥራላችሁ፤ ሲኒዬን ግን ሁለት ጊዜ ታጥባላችሁ» አለችን። ቡናው የሚፈላበትን ጀበና የሠራችው እርሷ ናት። ከዚያ በኋላ መዝገባችንን ገልጠን አየን። እነዚህ እህቶች በቁጠባም በብድር አመላለስም ከማንም አያንሱም። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ግን ከመካከላቸው አንዲት እንኳ ለኮሚቴ ተመርጣ አታውቅም።

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት፣ ከእኛ እጅግ በሚበልጥ ስፋት የጠየቀችና ዛሬም እየተከራከረችበት ያለች አገር ህንድ ናት። ስለዚህ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የህንድን መንገድ በአጭሩ እንድናየው አሰብን። ስለ ህንድ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካስት ሲባል

ካስት በትውልድ የሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት ነው። ሰው ሲወለድ የሚገባበት፣ ሲሞት ካልሆነ የማይወጣበት ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ምን ሥራ እንደሚሠራ ሲወስን ኖሯል። ከሥርዓቱ ሁሉ በታች የተደረጉት ቆዳ የሚያለፉ፣ የሞተ ከብት የሚያነሡ፣ መንገድና መጸዳጃ የሚያጸዱ ወገኖች ነበሩ። «የማይነኩ» ይባሉ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ራሳቸውን «ዳሊት» ብለው ይጠራሉ፤ የተረገጠ፣ የተሰበረ ማለት ነው። ስሙን ለራሳቸው ያወጡት የደረሰባቸውን ለመናገር እንጂ ለማፈር አይደለም።

ይህ ሥርዓት ከሁሉ በላይ የሚታየው በውኃ ላይ ነበር። ከመንደሩ ጉድጓድ መቅዳት አይችሉም፤ የነኩት ውኃ ይረክሳል ይባላል። ውኃ የምትቀዳው ደግሞ ሴት ናት። ከጉድጓዱ ዳር ቆማ የሚያዝንላት እስኪቀዳላት የምትጠብቀውም እርሷ ነበረች።

በጭቃ የተወረወረችው መምህርት

ትግሉን የጀመሩት ፖለቲከኞች አልነበሩም። በ1848 በፑና ከተማ ሳቪትሪባይ ፉሌ የምትባል ወጣት ከባሏ ከጆቲራኦ ፉሌ ጋር የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። እርሷም ከአትክልተኛ ወገን ነበረች፤ ማንበብ ያስተማራት ባሏ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጭቃና እበት ይወረውሩባት ስለነበር ደርሳ የምትቀይረው ሁለተኛ ሳሪ ይዛ ትወጣ እንደነበር ይተረካል። ባልና ሚስቱ በ1868 የግቢያቸውን የውኃ ጉድጓድ ከሌላ ጉድጓድ ለተከለከሉት ወገኖች ከፈቱ። ሳቪትሪባይ በ1897 ወረርሽኝ ገብቶ የታመሙትን ስትረዳ በዚያው በሽታ ተይዛ ሞተች።

ከትምህርት ቤታቸው አንዲት ተማሪ ሙክታ ሳልቬ በ1855፣ ገና በዐሥራ አራት ዓመት አካባቢ ሳለች፣ ስለ ወገኖቿ መከራ የጻፈችው ጽሑፍ በአንድ መጽሔት ላይ ወጣ። ቅዱሳት መጻሕፍቱን ማንበብ ለእኛ ከተከለከለ የእኛ ሃይማኖት የትኛው ነው ብላ ጠየቀች። እኛም የአባላትን ጽሑፍ የምናትም ነንና፣ የዚያች ልጅ ጽሑፍ እስከ ዛሬ መነበቡን ማወቅ ያበረታናል።

የማሃድ ኩሬ

ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር በ1891 ማሃር ከሚባል ከእነዚሁ «የማይነኩ» ወገን ተወለደ። ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት የሚቀመጥበትን ማቅ ከቤቱ ይዞ ይሄድ ነበር። ሲጠማው ቧንቧውን እንዲነካ አይፈቀድለትም፤ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ካልከፈተለት ሳይጠጣ ይውል ነበር። ይህ ልጅ አድጎ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና በለንደን ተማረ፤ በኢኮኖሚክስም በሕግም ሊቅ ሆነ። አገሩ ሲመለስ ግን የሚከራየው ቤት እንኳ ማግኘት ተቸገረ።

በ1923 የቦምቤይ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሕዝብ የውኃ ቦታዎች ለሁሉም ክፍት ይሁኑ ብሎ ወሰነ። በዓመቱ የማሃድ ከተማ ማዘጋጃ ቤትም ቻቭዳር የተባለውን ኩሬ ለሁሉም መክፈቱን በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። በወረቀት ላይ ነገሩ አለቀ። ይሁን እንጂ ወደ ኩሬው የወረደ አንድም ዳሊት አልነበረም፤ ቢወርድ የሚደርስበትን ያውቀዋልና።

በመጋቢት 20 ቀን 1927 አምቤድካር በሺዎች ከሚቆጠሩ ወገኖቹ ጋር ተሰልፎ ወደ ኩሬው ሄደ። ወርዶ በእጁ ቀድቶ ጠጣ፤ የተከተሉትም ጠጡ። ወዲያው «ቤተ መቅደስ ሊገቡ ነው» የሚል ወሬ ተነዛና በየድንኳኑና በየመንገዱ ተደበደቡ። የከተማው ሰዎች ኩሬው ረከሰ ብለው የላም እበትና ሽንት በተቀላቀለበት ማንጻት አነጹት። ማዘጋጃ ቤቱም የቀድሞ ውሳኔውን ሻረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገብቶ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለዳሊቶቹ የፈረደላቸው በመጋቢት 1937 ነው። ለአንድ እፍኝ ውኃ ዐሥር ዓመት ሙግት ማለት ነው።

በዚያው በ1927 ታኅሣሥ ወር በማሃድ ሁለተኛ ስብሰባ ተደረገ። የካስትን ሥርዓት የሚያጸድቀው የማኑ ሕግ መጽሐፍ በአደባባይ ተቃጠለ። አምቤድካር ከሴቶቹም ጋር ለብቻ ተነጋገረ። የወገን ምልክት የሆነውን አለባበስና ጌጥ እንዲተዉ፣ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሳሪያቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት አውርደው እንዲለብሱ፣ ሴት ልጆቻቸውንም እንዲያስተምሩ መከራቸው። ብዙዎቹ እዚያው አለባበሳቸውን ለውጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሒሳብ ሥራ በመዝገብ ላይ ያለ ገንዘብና በካዝና ውስጥ ያለ ገንዘብ እየተመሳከሩ ይቆጠራሉ። መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ካዝናው ባዶ ከሆነ ጉድለት አለ ማለት ነው። የማሃድ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ነበር። የእኛም ደንብ «ሁሉም አባል እኩል ነው» ሲል መዝገቡ ነው የሚናገረው። ካዝናው የቡናው ሲኒና የኮሚቴው ወንበር ነው።

ማን ይምረጣቸው?

ቀጣዩ ክርክር ለእኛ ጉባኤ በጣም ቅርብ ነው። በነሐሴ 1932 የእንግሊዝ መንግሥት ለዳሊቶች በየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤቶች 71 መቀመጫ ሰጠ። እነዚህን መቀመጫዎች የሚመርጡት ዳሊቶቹ ራሳቸው ለብቻቸው ነበሩ። አምቤድካር ይህን ፈልጎት ነበር። ማህተመ ጋንዲ ግን፣ እርሱም ራሱ ሰውን ማግለል ኃጢአት ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው፣ መራጩ ተለይቶ ከወጣ መለያየቱ ለዘላለም ይጸናል ብሎ ፈራ። በእስር ላይ እንዳለ መስከረም 20 ቀን እስከ ሞት ድረስ ጾም ጀመረ። አገሩ ተጨነቀ፤ ጋንዲ ቢሞት በዳሊቶች ላይ ሊወርድ የሚችለውን አምቤድካር ያውቅ ነበር። መስከረም 24 ቀን ስምምነት ተፈረመ፤ የፑና ስምምነት ይባላል።

በስምምነቱ መሠረት መቀመጫው ከ71 ወደ 148 ከፍ አለ። መራጩ ግን ሕዝቡ ሁሉ ሆነ። ላይ ላዩን ያየ ሰው ከእጥፍ በላይ አተረፉ ይላል። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን ሒሳቡን አይዘጋም። ተመራጩ ከዳሊት ወገን ቢሆንም ወንበሩን የሚሰጠው ወይም የሚነሣው በቁጥር የሚበልጠው ሌላው መራጭ ነው። ታዲያ የማንን ፊት ያያል? አምቤድካር በዚህ ሲቆጭ ኖሯል።

ስምምነቱ ለዚህ አንድ መላ አስቀምጦ ነበር። በቅድሚያ ዳሊቶቹ በመካከላቸው አራት ዕጩዎችን ይመርጣሉ፤ ከአራቱ አንዱን ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ ይመርጣል። ይህ መላ ከነፃነት በኋላ አልቀጠለም። እኛ ግን ልንረሳው አይገባም፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ሰው አንድ ድምፅ

ህንድ ነፃ ስትወጣ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው ይኸው በቧንቧ ውኃ የተከለከለ ልጅ ነበር። ከጥር 26 ቀን 1950 ጀምሮ በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ሰውን «የማይነካ» ማድረግ ተሻረ፣ ወንጀልም ሆነ። በሕዝብ ቁጥር ልክ የምክር ቤት መቀመጫ ተለየ፤ በመንግሥት ሥራና በትምህርትም ኮታ እንዲኖር መንገድ ተከፈተ።

በሕገ መንግሥት ጉባኤው ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ሴቶች መካከል አንዲት ብቻ ዳሊት ነበረች፤ ዳክሻያኒ ቬላዩዳን ትባላለች። የወገኗ ሴቶች በገዛ አገራቸው ከወገባቸው በላይ መልበስ ተከልክለው በኖሩበት በደቡብ ህንድ የተወለደች ናት። እርሷ ተለይቶ የሚመርጥ መራጭ መኖሩን ተቃወመች። ስለዚህ የተጨቆኑ ሁሉ በአንድ ቃል ይናገራሉ ብለን አንጠብቅ። በእኛም ሸክላ ሠሪ እህቶች መካከል «ልዩ ቦታ አንፈልግም፣ ያሳፍረናል» የሚሉ አሉ። እነርሱም ይሰሙ።

አምቤድካር ሥራው ሲጠናቀቅ በኅዳር 25 ቀን 1949 ባደረገው ንግግር ወገኖቹን አስጠነቀቀ። በፖለቲካ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይኖረዋል፤ በኑሮና በማኅበራዊ ሕይወት ግን ሰው ከሰው እኩል አይቆጠርም፤ ይህ ቅራኔ ቶሎ ካልተፈታ የተበደሉት ዴሞክራሲውን ራሱን ያፈርሱታል አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1951 ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። ከለቀቀባቸው ምክንያቶች ዋናው ለሴቶች የውርስና የፍቺ መብት የሚሰጠው የሕግ ረቂቅ በመጓተቱ ነው። ሕጉ በ1955ና በ1956 ተከፋፍሎ ወጣ። ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋር በቤተሰብ ርስት እኩል እንድትሆን የተደረገው ደግሞ በ2005 ነው።

ወንበሩ ያመጣውና ያላመጣው

ዛሬ ከህንድ ታችኛው ምክር ቤት 543 መቀመጫዎች 84ቱ ለዳሊቶች፣ 47ቱ ለነባር ጎሣዎች የተለዩ ናቸው። በ1995 ማያዋቲ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር ዋና ሚኒስትር ስትሆን ለዚህ ሥልጣን የበቃች የመጀመሪያዋ ዳሊት ሴት ሆነች፤ አራት ጊዜም መርታለች። አያቷ ከጉድጓድ የተከለከሉባት ልጅ ዛሬ መምህርት፣ ዳኛ፣ ሐኪም ሆና የምትገኘው ያለ ኮታ አይሆንም ነበር።

ከ1993 ጀምሮ ደግሞ በየመንደሩ ምክር ቤት ቢያንስ ሲሶው ወንበር ለሴቶች ሆነ፤ ለዳሊቶች ከተለየውም ሲሶው ለዳሊት ሴቶች። በመጀመሪያ ብዙ ሰው ሳቀ። ሚስቲቱ ተመርጣ ባልየው ማኅተም ይዞ የሚዞርባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ነገር ግን በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን የመንደሮቹን የበጀት አጠቃቀም አነጻጸረ። ከአጥኚዎቹ አንዷ ኋላ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤስተር ዱፍሎ ናት። ሊቀ መንበርነቱ ለሴት በተለየባቸው መንደሮች ለመጠጥ ውኃ የዋለው ሥራ በልጦ ተገኘ። ውኃ የምትቀዳዋ ስትወስን ገንዘቡ ወደ ውኃው ሄደ።

ያልመጣውንም እንናገር። በራጃስታን አንዲት የሸክላ ሠሪ ወገን የሆነች ሴት በመንግሥት የሴቶች ፕሮግራም ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በ1992 የአንዲት ሕፃን ጋብቻ ለማስቀረት በመሞከሯ ከፍ ያለ ወገን ባላቸው ሰዎች በቡድን ተደፈረች። ክስ መሥርታ በ1995 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሰዎቹን ነጻ ለቀቃቸው። የሴቶች ድርጅቶች ጉዳዩን ይዘው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በ1997 በሥራ ቦታ የሚደርስ ጾታዊ ጥቃትን የሚከለክል መመሪያ ለአገሪቱ ሴቶች ሁሉ አወጣ። ከመመሪያው የአገሪቱ ሴት ሁሉ ተጠቀመች፤ ያች ሴት ግን የራሷን ፍትሕ አላገኘችም።

የሰውን ዐይነ ምድር በእጅ ማንሣት በ1993 በሕግ ተከለከለ፤ በ2013 እንደገና በሌላ ሕግ ተከለከለ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ በሕግ ከተከለከለ፣ የመጀመሪያው ክልከላ እንዳልያዘ በዚህ ይታወቃል።

በኮታው ላይ የሚነሣው ቅሬታም አለ። በ1990 ኮታው ወደ ሌሎች ኋላ ቀር ወደተደረጉ ወገኖች ሲሰፋ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ራሳቸውን ያቃጠሉም ነበሩ። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮታውን አጸና፤ በአጠቃላይ ግን ከግማሽ እንዳይበልጥ አለ፤ በእነዚህ አዲስ በተካተቱት ወገኖች ውስጥ ያለፈላቸው ቤተሰቦችም እንዳይካተቱ ወሰነ። ሌላም አለ። የምክር ቤቱ መቀመጫ መጀመሪያ የተለየው ለዐሥር ዓመት ብቻ ነበር። በየዐሥር ዓመቱ እየታደሰ እስከ 2030 ደርሷል። አንዳንዱ ይህን የውድቀት ምልክት ያደርገዋል። እኛ ግን በየጊዜው ተመርምሮ መታደሱን እንደ ኦዲት እናየዋለን፤ ጉድለቱ እስካልተሞላ ሒሳቡ አይዘጋም።

ወደ ቤታችን

የእኛ አገር ታሪክ የራሱ ነው፤ ህንድን እዚህ ማምጣት አንፈልግም። ነገር ግን ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ሸማ የሚሠራ ሰው በሙያው ሲሰደብ፣ «ቡዳ» ሲባል፣ በጋብቻና በማዕድ ሲገለል መኖሩን ማንም አይክድም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥና በትውልድ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ከወረሱት የበታችነት ታሪክ የተነሣ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ይፈቅዳል። እኛ ሴቶች በዚህ አንቀጽ ስንጠቀም «እኩል ከሆናችሁ ድጋፍ ለምን?» የሚለንን ወንድ ምን ብለን እንደምንመልስለት እናውቃለን። ያንኑ መልስ ለሸክላ ሠሪ እህታችን ልንነፍጋት አይገባም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነጥብ አለው። ሁለቱ ወንበሮች ይለዩ። ዕጩዎቹን እነዚሁ አባሎች በመካከላቸው መርጠው ያቅርቡ፣ ከዕጩዎቹ ደግሞ ጉባኤው ሁሉ ይምረጥ፤ እንዲህ ከሆነ ተመራጯ የወከለቻቸውንም ማኅበሩንም ፊት ታያለች። ከሁለት የምርጫ ዘመን በኋላ ጉዳዩ እንደገና ይመርመር፤ እነዚህ እህቶች ያለ ተለየ ወንበር የሚመረጡበት ቀን ከደረሰ ደንቡ በደስታ ይነሣል። ደጋፊዎቻችንም በየሪፖርታችን ስንት ብር እንደተቆጠበ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚወስን እንድንገልጽላቸው ቢጠይቁን መልካም ነው።

የሲኒው ጉዳይ ግን በድምፅ ብልጫ አይወሰንም፤ የየአንዳንዳችን ነው። እስካሁን የስብሰባው የቡና ተራ ለሸክላ ሠሪ እህቶቻችን ደርሷቸው አያውቅም። ተራ አውጪዎቹ የዘለሏቸው እነርሱን ላለማስቸገር ብለው እንደሆነ ይናገራሉ፤ እውነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የመጪው ወር ስብሰባ ቡና የእነርሱ ተራ ነው። ማናችንም እንዳንቀር፣ ሦስተኛውን ሳንጠጣም እንዳንነሣ አደራ እንላለን።